«የተሻሻለ» ከምን? ለማን?

ኢምፕሩቭ የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ ሁለት ሥራ ይሠራል። ነገሩ በራሱ ወደ በጎ ሲለወጥም፣ ሰው ነገሩን ወደ በጎ ሲለውጠውም ቃሉ አንድ ነው። አማርኛ ሁለቱን ይለያቸዋል፤ በራሱ የተለወጠው «ተሻሻለ»፣ ሌላውን የለወጠው «አሻሻለ» ይባላል። የተማሪው ውጤት ይሻሻላል፤ መምህሩ የማስተማሪያ ዘዴውን ያሻሽላል። በሽተኛ ሲያገግም ደግሞ እንግሊዝኛው ያንኑ ቃል ሲጠቀም፣ አማርኛው «ተሻለው» ወደሚለው ይሻገራል። ሕመምተኛ ይሻለዋል እንጂ አይሻሻልም።

«መሻል» በአማርኛ ብቻውን መቆም አይወድም፤ ሁለት ደጋፊ ይፈልጋል። አንደኛው «ከ» ነው። «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል»፣ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ሲባል የሚነጻጸሩት ሁለቱ ነገሮች በግልጽ ተቀምጠዋል። ሁለተኛው የሚጠቀመው ሰው ነው። «ይሻለኛል»፣ «ይሻልሃል»፣ «ይሻላቸዋል» እየተባለ ግሡ ተጠቃሚውን በላዩ ይዞ ይሄዳል። «የተሻሻለ» የሚለው ቅጽል ግን ሁለቱንም ይጥላል። ከምን እንደተሻለ፣ ለማን እንደተሻለ ሳይናገር የዕቃው መጠሪያ ሆኖ ያርፋል። በእርሻ፣ በውኃና በጤና ሥራ ላይ ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ስሞች በብዛት ይህን መልክ ይዘዋል፦ የተሻሻለ ዝርያ፣ የተሻሻለች ላም፣ የተሻሻለ የውኃ ምንጭ፣ የተሻሻለ ምድጃ። ቃሉ የጣላቸውን ሁለት ጥያቄዎች መልሶ ማንሣት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ከሁሩታ አካባቢ የበለጠ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁሩታ በአርሲ ዞን የሉዴ ሂጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዳማ በስተደቡብ፣ ቆላው ወደ ጭላሎና ወደ በዳ ተራሮች መውጣት በሚጀምርበት አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ የስንዴ አገር ነው። በመኸር ወራት ከሁሩታ እስከ ኢተያና እስከ አሰላ ያለው ማሳ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል፤ አጨዳውንም በብዙ ቦታ የሚሠራው ኮምባይነር ነው። ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የአገሪቱን የስንዴ ምርምር የሚያስተባብረው ይኸው ማዕከል ሲሆን፣ «የተሻሻለ ዝርያ» የሚለው ስም በስንዴ ላይ የሚለጠፈውም በአብዛኛው ከዚያ በሚወጣ ሥራ ነው።

ትርፍ የሚለው አሮጌ ትርጉም

የእንግሊዝኛው ቃል ከመነሻው «በጎ ማድረግ» ማለት አልነበረም። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በኖርማኖች ፈረንሳይኛ በኩል ሲሆን፣ ሥሩ የሚናገረው ስለ ትርፍ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን መሬትን ኢምፕሩቭ አደረገ ሲባል ከመሬቱ የሚገባውን ገቢ ከፍ አደረገ ማለት ነበር፤ አጠረው፣ ረግረጉን አደረቀው፣ ማዳበሪያ ጨመረበት፣ ኪራዩንም አስወደደው። ዋልተር ብላይዝ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1649 ያሳተመው የእርሻ መጽሐፍ «እንግሊዛዊው አሻሻይ» የሚል ርዕስ ነበረው። አሻሻይ ማለት በዚያ ዘመን መሬቱን አትራፊ የሚያደርግ ሰው ነው።

ትርፉ ለማን እንደሚገባ ቃሉ አይናገርም ነበር። በእንግሊዝ የመንደር ሰዎች በጋራ ያሰማሩበት የነበረው የግጦሽ መሬት እየታጠረ የግል ሆነ። በስኮትላንድ ደጋማ ክፍል በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ባለመሬቶች ገበሬዎችን ከየመንደሩ አስነሥተው መሬቱን ለበግ ርቢ አደረጉት። ለዚህም የተሰጠው ስም ያው «ማሻሻል» ነበር። መሬቱ በእርግጥ ብዙ ገንዘብ አስገኝቷል፤ የተነሣው ገበሬ ግን ከዚያ ገንዘብ ድርሻ አልነበረውም።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አርሲ ውስጥ ተደግሟል፤ እንዲህ እንዲሆን ሥራውን የጀመሩት ሰዎች ባይፈልጉም። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በጭላሎ አውራጃ አንድ የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ሲሆን፣ ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻረ ቃል «ካዱ» ይለው ነበር። ካዱ የስንዴ ዘር አቀረበ፣ ማዳበሪያ በብድር ሰጠ፣ የገበያ ማዕከል ከፈተ፣ ወተት ሰበሰበ፣ የተዳቀሉ ጊደሮች አከፋፈለ። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። ምርቱም ጨመረ።

ምርቱ ሲጨምር ግን መሬቱ ራሱ ተወደደ። ቀድሞ ከጭሰኛው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ተቀብሎ ዝም ይል የነበረው ባለመሬት፣ በአዲሱ ዘርና በማዳበሪያ ራሱ ቢያርሰው እጅግ የበለጠ እንደሚያገኝ አየ። ለእርሻ የሚገባ ትራክተር በዚያን ጊዜ ከቀረጥ ነፃ ነበር። በአርሲ ሜዳማ ማሳዎች ትራክተር በገባ ቁጥር ጭሰኛ ወጣ። ካዱ ብድሩ ለትልልቅ ባለመሬቶች እንዳይደርስ ወሰን ቢያበጅም፣ ነገሩ ከድርጅቱ ቁጥጥር ውጭ ነበር፤ የጭሰኛውን ይዞታ የሚጠብቅ ሕግ አልነበረምና። የጭላሎ ጭሰኞች መፈናቀል በዚያ ዘመን ስለ መሬት ሥርዓት በተደረገው ክርክር ውስጥ ደጋግሞ የተነሣ ማስረጃ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር ነው ይህ ምዕራፍ የተዘጋው።

ዘሩ ጥሩ ነበር። ማዳበሪያውም ሠርቷል። በኩንታል ለተለካው ሁሉ ካዱ ተሳክቶለታል ማለት ይቻላል። «ለማን?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የቀረ መሻሻል ግን የታሰበለትን ሰው ራሱን ከመሬቱ ሊያስነሣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ በአገራችን የለም።

ዝርያ እንዴት ይሻሻላል?

ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነው። በአንዱ አበባ ውስጥ ወንዴውም ሴቴውም ስላለ፣ ከጎረቤት ማሳ የሚመጣ ብናኝ ብዙም አያገኘውም። ስለዚህ ተመራማሪው ሁለት ዓይነት ስንዴ ለማዳቀል ሲፈልግ አበባው ሳይከፈት የአንዱን ወንዴ ክፍሎች በእጁ እየነቀለ ያወጣል፤ ከዚያ ከሌላው ያመጣውን ብናኝ ያደርግበታል። ከዚህ የተገኘው ፍሬ ተዘርቶ የልጅ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ከእነሱ መካከል የሚፈለገውን ጠባይ የያዙት እየተለዩ፣ እንደገና እየተዘሩ፣ ጠባያቸው እስኪረጋ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በተለያዩ አካባቢዎች ይሞከራሉ፤ የሚገመግም ኮሚቴም ዝርያው ቀድሞ ከወጡት ጋር ተወዳድሮ ብልጫ እንዳለው አይቶ ይለቀዋል። ሥራው ከመነሻው እስከ መጨረሻው አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። በኢትዮጵያ የሚለቀቀው የዳቦ ስንዴ ግን አብዛኛው ከመጀመሪያው እዚህ የተዳቀለ አይደለም። ሜክሲኮ ከሚገኘው የዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል የሚመጡ መሥመሮች እዚህ ተፈትነው፣ ለአየሩና ለበሽታው የሚስማሙት ተመርጠው ስም ይሰጣቸዋል።

የዘመናዊው ስንዴ ትልቁ ለውጥ ቁመቱ ማጠሩ ነው። ረጅም አገዳ ያለው የቀድሞ ስንዴ ማዳበሪያ ሲበዛበት ዛላው ይከብድና ይተኛል፤ የተኛ ሰብል ደግሞ ይበሰብሳል፣ ለአጨዳም አይመችም። ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ በመራው ሥራ ኖሪን 10 ከተባለው የጃፓን ስንዴ የተወረሰው የአጭርነት ጠባይ ወደ ሌሎች ዝርያዎች ገባ። እነዚህ አጫጭር ስንዴዎች ማዳበሪያውን ቆመው ቻሉት፤ ጉልበታቸውንም ከአገዳው ይልቅ በፍሬው ላይ አዋሉት። ቦርሎግ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለ። «ላቀች» የተባለው አጭር ስንዴ በኢትዮጵያ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው።

አጭሩ ስንዴ በፍሬ ይበልጣል። በጭድ ግን ያንሳል። ለተመራማሪው ጭድ ቁጥር ውስጥ የሚገባ ላይሆን ይችላል፤ በሬና ላም ለሚያረባ፣ ከጭቃ ጋር አቡክቶ ግድግዳ ለሚለስን የአርሲ ገበሬ ግን ጭድ ግማሽ ምርት ነው። በዳቦና በእንጀራ ጥራት፣ በፍሬው ቀለም፣ ለመውቃት በመመቸት ነባሩን ስንዴ የሚያስበልጡ ቤቶች አሉ። «ይሄኛው ይሻለኛል» የሚል ገበሬ መሻሻልን ስላልተረዳ አይደለም። እሱ የሚሰፍርበት መስፈሪያ የተለየ ስለሆነ ነው።

ነባሮቹን ዝርያዎች «ያልተሻሻሉ» ማለትም በራሱ ችግር አለበት። ኢትዮጵያ በተለይ በማካሮኒ ስንዴና በገብስ ብዝኃነት ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ የሰበሰባቸው ናሙናዎች ይህንን ለዓለም አሳውቀዋል። እነዚያን ዓይነቶች ከትውልድ ትውልድ የመረጠው ገበሬው ነው፤ ከአውድማው የተሻለውን ዛላ ለይቶ ለዘር ማስቀመጥ ራሱ ማሻሻል ነውና። በካሊፎርኒያ ገብስን ያጠቃ ከነበረው የቢጫ ድንክዬ ቫይረስ ለመከላከል ያገለገለው የመቋቋም ጠባይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ነባር ገብስ ነው። አሜሪካ ውስጥ «የተሻሻለ» የተባለው ዝርያ፣ እዚህ «ያልተሻሻለ» ከተባለው ተበድሮ ነው የተሻሻለው። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ባንክ እነዚህ ነባር ዘሮች እንዳይጠፉ የሚጠብቅ ተቋም ነው፤ የስንዴ ምርምርም ወደፊት ከእሱ የሚቀዳው ብዙ ነው።

እስከ መቼ?

የአርሲ ገበሬ የስንዴን ታሪክ በዝርያ ስም ይቆጥራል፤ እያንዳንዱ ስም ሲነሣም አብሮ የሚነሣ በሽታ አለ። ዳሽን የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1988 በቢጫ ዋግ ተመታ። እንቆይ ለረጅም ጊዜ ተወዶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 የግንድ ዋግ ጨረሰው። ቀጥሎ የነገሡት ኩብሳና ገላማ ነበሩ። ኩብሳ በብዙ ማሳ ላይ ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲዘራ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ግን ቢጫ ዋግ በአርሲ፣ በባሌና በሌሎች የስንዴ አካባቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ የግንድ ዋግ አዲስ ዓይነት መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዲገሉን አጠቃ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ ተመርጦ በሰፊው የተዘራ ዝርያ ነበር። በእነዚህ እግር ካካባና ዳንዳኣ፣ ቀጥሎም ኦጎልቾ፣ ሂዳሴ፣ ዋኔና ሌሙ ተከታትለው መጡ።

ዝርያው ያረጀው ራሱ ተለውጦ አይደለም። የተለወጠው ዋጉ ነው። ዋግ በነፋስ የሚጓዝ ፈንገስ ሲሆን፣ ከአንድ የታመመ ማሳ የሚነሣው ብናኝ በጣም ብዙ ስለሆነ የስንዴውን መከላከያ የሚያልፍ አዲስ ዓይነት በመካከሉ መገኘቱ አይቀርም። የስንዴው መከላከያ በአንድ ዘረ መል ላይ ብቻ የቆመ ከሆነ ያንን አንድ ነገር ማለፍ ይበቃል። ከዚያም አገሩ ሁሉ አንድ ዝርያ የዘራ ሲሆን የሚያቆመው ነገር የለም። በአርሲና በባሌ አንዳንድ አካባቢዎች በበልግም በመኸርም ስንዴ ስለሚዘራ፣ ፈንገሱ ዓመቱን ሙሉ የሚያርፍበት አረንጓዴ ማሳ ያገኛል። ስንዴ በስንዴ ላይ ደጋግሞ መዝራትም ሌሎቹን የስንዴ ተባዮች ያባብሳል፤ ባቄላ፣ አተር ወይም ጎመንዘር በመካከል ማስገባት የሚመከረው ለዚህ ነው። በኡጋንዳ የታየውና ዓለምን ያስደነገጠው ዩጂ 99 የተባለው የግንድ ዋግም ያስተማረው በአንድ መከላከያ ላይ ብቻ መቆም የሚያመጣውን አደጋ ነው፤ ስሙ እንደሚያመለክተው ከ1999 እ.ኤ.አ. ጋር የተያያዘው ይህ ዋግ አብዛኛው የዓለም ስንዴ ይተማመንበት የነበረውን አንድ መከላከያ አልፎ ነው የመጣው።

እንግዲህ «የተሻሻለ» የሚለው ስም ቀን ሊጻፍበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1995 አካባቢ በእውነት የተሻሻለ የነበረው ኩብሳ ከ2010 በኋላ ፀረ ፈንገስ ካልተረጨለት የማያዋጣ ሆኗል። ስሙ ግን አብሮት አላረጀም። አንዳንድ ገበሬ «እኔ ምርጥ ዘር ነው የምዘራው» ሲል የሚናገረው የዛሬ ሃያ ዓመት ስለወጣ ዝርያ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሌላ መቀላቀል አለ። ተመራማሪዎች «ዝርያ» የሚሉትና ገበያው «ዘር» የሚለው አንድ አይደለም። ዝርያ የጠባይ ጉዳይ ነው፤ ቁመቱ፣ በሽታ መቋቋሙ፣ የሚደርስበት ጊዜ። ዘር ደግሞ በእጅ የሚያዘው ፍሬ ነው፤ ንጹሕ ነው ወይ፣ ይበቅላል ወይ፣ ከሌላ ተቀላቅሏል ወይ የሚባለው ስለእሱ ነው። በአማርኛ የተለመደው «ምርጥ ዘር»፣ በአፋን ኦሮሞም «ሰኚ ፊለተማ» የሚለው ስም ሁለቱን በአንድ ጆንያ ይከታቸዋል። የተሻሻለ ዝርያ ሆኖ ያልጠራ፣ አረም የተቀላቀለበት፣ ነቀዝ የበላው ዘር ሊኖር ይችላል። ነባር ዝርያ ሆኖም በጥንቃቄ የተለቀመና ሙሉ በሙሉ የሚበቅል ዘር አለ።

ዘሩ ከምርምር ማዕከል እስከ ገበሬው ለመድረስ በየደረጃው መባዛት አለበት። ማዕከሉ የሚጀምረው እፍኝ ከማይሞላ ዘር ነው። ስንዴ በሄክታር ከ125 እስከ 150 ኪሎ ይዘራል፤ በሄክታር 30 ኩንታል ቢገኝ ያ ዘር በአንድ ወቅት የተባዛው 20 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። በሄክታር 25 ኪሎ የሚበቃው በቆሎ ከዚህ ይልቅ በፍጥነት ይባዛል። በአገሪቱ በስንዴ የሚሸፈነው መሬት ከ1.5 ሚሊዮን ሄክታር ስለሚበልጥ፣ ሁሉም ገበሬ በየዓመቱ አዲስ ዘር ይግዛ ቢባል ከ2 ሚሊዮን ኩንታል ያላነሰ ዘር ያስፈልጋል። ይህን ያህል የሚያመርት ድርጅት የለም። ደግነቱ ስንዴ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል፣ ገበሬው ከምርቱ ለይቶ ያስቀመጠው ዘር ለጥቂት ዓመታት ጠባዩን ሳይለቅ ያገለግለዋል። ከጎረቤት መለዋወጥም በዚሁ ምክንያት የተለመደ ነው። ድቅል በቆሎ ግን ይህን አይፈቅድም፤ ከምርቱ የተወሰደው ዘር በሁለተኛው ዓመት ይበታተናል፣ ምርቱም ይወርዳል። አንዱ በየዓመቱ የሚገዛ፣ ሌላው በየጥቂት ዓመቱ የሚታደስ ሆኖ ሳለ ሁለቱም በአንድ ስም «የተሻሻለ ዘር» መባላቸው ገዥውን ማሳሳቱ አይቀርም።

ላም፣ ውኃ፣ ምድጃ

ካዱ ያስጀመረው ሌላው ሥራ የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ጋር ማዳቀል ነው። የአርሲ ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው፤ ድቅሏ የዚህን ብዙ እጥፍ ትሰጣለች። ሕዝቡ «የፈረንጅ ላም» የሚላት እሷን ነው። ነገር ግን ድቅሏ ብዙ የምትሰጠው ብዙ ከበላች ብቻ ነው። መኖና ውኃ በሚያጥርበት፣ መዥገርና ሙቀት በበዛበት፣ የእንስሳት ሐኪም በራቀበት ቆላ የውጭ ደሟ በጨመረ ቁጥር ጉዳቷ ይጨምራል። በአሰላና በሁሩታ ደጋ የተሻለችው ላም ወደ ዴራ ቆላ ስትወርድ የተሻለች ሆና ላትቀጥል ትችላለች። የአርሲ ላም ደግሞ በጭድና በግጦሽ ኖራ ትወልዳለች፣ ድርቁን ታልፋለች፤ እነዚህ ሁሉ በሊትር አይለኩም።

በውኃ ሥራ ላይ ቃሉ የያዘው ትርጉም ከሁሉም የጠበበ ነው፤ ሳይታወቅ የሚያሳስተውም እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የአገሮችን የውኃ አቅርቦት በጋራ ሲከታተሉ «የተሻሻለ የመጠጥ ውኃ ምንጭ» የሚሉት በአሠራሩ ከውጭ ብክለት የተከለለውን ነው፦ የቧንቧ ውኃ፣ ጥልቅ ጉድጓድ፣ የተከደነ የእጅ ጉድጓድ፣ የታጠረና የተገነባ ምንጭ። ስያሜው የሚመለከተው ግንባታውን እንጂ ውኃውን አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ይህ ልዩነት የአጥንትና የጥርስ ጉዳይ ነው። በወንጂ፣ በአዳማ ዙሪያና ወደ ዝዋይ በሚወርደው ቆላ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሟሟ ፍሎራይድ ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በአካባቢው የተቆፈሩ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የታየው የጥርስ መበለዝና የአጥንት መጣመም ለዓመታት የተጠና ነው። እነዚያ ጉድጓዶች ተከድነዋል፣ ፓምፕ ተገጥሞላቸዋል፣ ከወንዝ ውኃ ይልቅ ከተቅማጥ ይጠብቃሉ። በመዝገብ ላይ የተሻሻሉ ናቸው። ልጅነቱን በእነሱ ውኃ ያሳለፈ ሰው ጥርስ ግን ሌላ ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ድርጅቶቹ ራሳቸው መለኪያውን አጠበቁት፤ ውኃው በግቢ የሚገኝ፣ ሲፈለግ የሚመጣ፣ ከሰገራ ብክለትና እንደ ፍሎራይድ ካሉ ኬሚካሎች የጸዳ ካልሆነ በስተቀር «በአስተማማኝ ሁኔታ የቀረበ» አይባልም። ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚያስኬድ ከሆነ ደግሞ ምንጩ የቱንም ያህል የተገነባ ቢሆን «ውስን አገልግሎት» ተብሎ ይመዘገባል።

የሂጦሳ አካባቢ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ከተራራው የሚወርዱት ምንጮች ከቆላው ጉድጓድ የተለዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዋተርኤይድ ድጋፍ ምንጮቹ ተገንብተው፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ ያለ ፓምፕ በራሳቸው ቁልቁለት ወደ መንደሮችና ወደ ትንንሽ ከተሞች ወርደዋል። አስተዳደሩም ተጠቃሚዎቹ በመረጧቸው ሰዎች እጅ ነበር። ብዙ የውኃ ሥራዎች በጥገና ዕጦት በሚቆሙበት አገር ይህ ሥራ ለሌሎች እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ኖሯል። መሻሻሉን ያጸናው ከቧንቧው ይልቅ የሚጠግነውና ሒሳቡን የሚይዘው ሰው ከመጀመሪያው መታወቁ ይመስላል።

ስለ ምድጃ ብዙ ማለት አያሻም። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ስማቸው ራሱ የመሻልን ወሬ ይዟል። ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እሳት ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ጢሱንም ያሳንሳል። እዚህ «ከምን?» ለሚለው መልስ አለ፣ «ለማን?» ለሚለውም እንዲሁ፤ ማገዶ የምትለቅመውና ጢሱ ዓይኗን የሚያቃጥላት ሴት ናት።

ማሻሻያ

ከዚሁ ሥር የወጣው «ማሻሻያ» በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ሌላ መንገድ ይዟል። «አዋጁን ለማሻሻል የወጣ አዋጅ» ሲባል የተለወጠው አንቀጽ ከፊተኛው የተሻለ ነው የሚል ፍርድ የለበትም፤ ተለውጧል ማለት ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ሌላ ቃል አለው፤ አማርኛ ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ይሸፍናል። «የደመወዝ ማሻሻያ» ሲባል ሠራተኛው ይደሰታል፤ «የዋጋ ማሻሻያ» ወይም «የታሪፍ ማሻሻያ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ሕዝቡ የሚረዳው ነገር ተወደደ ብሎ ነው። ለሻጩ ተሻሽሏል፤ ለገዥው ብሶበታል። ማስታወቂያ የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶች ጭማሪውን ጭማሪ፣ ቅናሹን ቅናሽ ቢሉት አንባቢው መብቱን ያውቃል፤ ቋንቋውም ይጠራል።

ለሁሩታና ለአካባቢው ስንዴ አምራች ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው ሥራ ዘር የሚገዛበት ቀን ነው። በጆንያው ላይ በሚታሰረው ወረቀት የዝርያው ስም፣ የዘሩ ደረጃ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የመብቀል መጠኑና የተመረመረበት ጊዜ ሊጻፍ ይገባል። «ምርጥ ዘር ነው» የሚለው የሻጭ ቃል የእነዚህን ቦታ አይተካም። ዝርያው በስንት ዓመተ ምሕረት እንደወጣና ባለፈው መኸር በአካባቢው ዋግ ነክቶት እንደሆነ የልማት ሠራተኛውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለአንድ ሳምንት ማቆየትና የበቀለውን መቁጠር ነው፤ ከ85 በታች ከሆነ ዘሩን ለመለወጥ ወይም መጠኑን ለመጨመር ገና ጊዜ አለ።